አፈርም ይራባል

በሬዲዮ የቀረበ የመሠረተ ትምህርት ንግግር፤ ማንበብ ለጀመሩ ጎልማሶች በጽሑፍ የተዘጋጀ



የዛሬው ንግግራችን ስለ አፈር ነው። ሰው ሲርበው «ራበኝ» ይላል። ከብት ሲርበው የጎኑ አጥንት ይቆጠራል። አፈርም ይራባል። ነገር ግን «ራበኝ» የሚልበት አፍ የለውም። ረሃቡን የሚናገረው በሰብሉ ነው። በቆሎው ይቀጭጫል። የጎመኑ ቅጠል ይገረጣል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ አፈሩን ጠርጎ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ጊዜ ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ይላል። እውነቱን ነው። ግን መሬቱ የደከመው ስላረጀ አይደለም። በየዓመቱ ከእርሱ እየወሰድን ስላልመለስንለት ነው።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ይኸውም፦ ለአፈር የሚበላውን ስጡት፤ እርሱም ያበላችኋል። የሚበላው ደግሞ ከደጃችሁ አይርቅም። እርሻ ላላችሁም፣ በከተማ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ለምትኖሩም ይህ ይጠቅማችኋል።

በጆንያው ላይ ያለው ቁጥር

እስቲ ከአንድ ቃል እንጀምር። ቃሉ «ማዳበሪያ» የሚል ነው። ፊደሎቹን ቁጠሩ። ማ፣ ዳ፣ በ፣ ሪ፣ ያ። አምስት ናቸው። በአገራችን በዚህ ቃል ሁለት ነገሮች ይጠሩበታል። አንደኛው መሬት የሚያዳብረው ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ እህልና ከሰል የምንይዝበት ጆንያ ነው። ጆንያው ስሙን ያገኘው በውስጡ ይዞት ከመጣው ነገር ነው።

የዩሪያ ጆንያ ብታገኙ ጽሑፉን ተመልከቱ። 46 የሚል ቁጥር አለበት። ይህ ቁጥር የሚነግረን ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን መሆኑን ነው። በ50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ናይትሮጅን የተክል ምግብ ነው። ተክል ቅጠሉ ለምልሞ እንዲያድግ ይፈልገዋል። አሁን ቁጥር ማንበብ ስለቻላችሁ ገንዘባችሁ ምን እንደገዛ ታውቃላችሁ። ይህም አንዱ የመማር ጥቅም ነው።

ዩሪያ መጥፎ ነው አልላችሁም። ለሰብሉ ቶሎ ይደርስለታል። ነገር ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ለብዙ ዘመን ከውጭ አገር ተገዝቶ በመርከብ ሲመጣ የኖረ ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚቆረጠው ከእኛ ሰፈር ውጭ ነው። ሁለተኛ፣ ሰብሉን ያበላል እንጂ ለአፈሩ ራሱ ሥጋ አይሆነውም። ውሃ የሚይዝ፣ የሚላላና የሚለሰልስ አፈር በዩሪያ ብቻ አይገኝም። ይህን የሚሰጠው የበሰበሰ ነገር ነው። እርሱም እበት፣ ቅጠል፣ ገለባ፣ ልጣጭና አመዳይ ያልበላው አረም ሁሉ ነው። በእነዚህም ውስጥ ናይትሮጅን አለ። ይህንን ከደጃችን እያቃጠልንና እየጣልን ማዳበሪያ በብድር ስንገዛ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው በእኛ ይደርሳል።

አፈር ሕይወት አለው

አፈር ደረቅ ትቢያ ብቻ አይደለም። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጤናማ አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ነፍሳት ይኖራሉ። እጅግ ረቂቅ ስለሆኑ በዓይን አይታዩም። ቅጠሉን፣ ገለባውንና እበቱን የሚያበሰብሱት እነርሱ ናቸው። አበስብሰው ሥሩ ሊመጠው ወደሚችል ምግብ ይለውጡታል። በዓይን የሚታየው ሠራተኛ ደግሞ የመሬት ትል ነው። የመሬት ትል አፈሩን እየበሳ አየርና ውሃ ያስገባል። ስትቆፍሩ የመሬት ትል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። አፈራችሁ ገና በሕይወት አለ።

አፈራችሁ ጤናማ መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አዘጋጁ። ከዛፍ ሥር ወይም እበት ከሚጣልበት ጓሮ አንድ የደረቀ ጓል አምጡ። ለብዙ ዓመታት ከታረሰና ምንም ካልተመለሰለት ማሳ ደግሞ ሌላ የደረቀ ጓል አምጡ። ሁለቱንም ቀስ አድርጋችሁ በየብርጭቆው ውሃ ውስጥ ክተቱ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የተራበው አፈር ወዲያው ይፈርሳል፤ ውሃውንም ያደፈርሰዋል። የጠገበው አፈር ግን ተያይዞ ይቆያል። በክረምት በማሳችሁ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። አንዱን ጎርፍ ይወስደዋል። ሌላው ከጎርፍ ይተርፋል። ዓባይ በነሐሴ ወር ቡናማ የሚሆነው እንዲህ ያለውን አፈር ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው።

ኩበቱ ወይስ ማሳው?

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። እበት ለአፈር ምግብ ነው። በብዙ ቤት ግን እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የሚቀረው አመድ ነው። አመዱም ቢሆን ጥቂት ምግብ አለው፤ ዋናው ግን ሄዷል።

እናቶች፣ ይህን ስል እየወቀስኳችሁ አይደለም። ኩበት የምታነዱት ወዳችሁ አይደለም። እንጨት ስለራቀ ነው። ልጆች ጥሬ አይበሉም። እንጀራውም ያለ እሳት አይጋገርም። ስለዚህ «ከነገ ጀምሮ ኩበት አታንዱ» ብላችሁ ትርፉ መሳቅ ነው። ግን ግማሽ መንገድ መሄድ ይቻላል።

በክረምት ኩበት አይደርቅም። እበቱ ዝናብ ሲመታው ይባክናል። እንግዲህ የክረምቱን እበት ለአፈር ስጡት። በበረት ውስጥ የከብት ሽንት የነካውን ጭድና ገለባ ማንም አያነደውም። እርሱንም ለአፈር ስጡት፤ ሽንቱ ራሱ ብዙ ናይትሮጅን አለው። አመዱን ሜዳ ላይ አትድፉት። በማሳችሁ ዳር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ትከሉ። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ ይቆጥባል። በዚህ መንገድ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እበት ከእሳት ታድናላችሁ።

አዲስ ነገር አይደለም

ይህ ከፈረንጅ አገር የመጣ ትምህርት እንዳይመስላችሁ። በጉራጌና በሲዳማ የእንሰት ጓሮ ተመልከቱ። ከቤቱ አጠገብ ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው። በብዙ ቤት ጠዋት ጠዋት በረቱን ጠርገው እበቱን ወደ እንሰቱ የሚወስዱት እናቶች ናቸው። አያት የተከለችበት ቦታ ላይ የልጅ ልጅ ይተክላል። መሬቱም አልደከመም። ለምን? በየቀኑ ስለሚበላ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በትግራይ አንድ ሥራ ተጀመረ። ከሥራው መሪዎች መካከል ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ይገኙበታል። የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ የግብርና ቢሮና ከገበሬዎች ጋር ሆኖ ብስባሽ ማዘጋጀትን አስተማረ። ገበሬዎች በአንዱ ማሳ ብስባሽ ጨመሩ። በሌላው ማሳ ምንም አልጨመሩም። ብስባሽ የበላው ማሳ የበለጠ ምርት ሰጠ። እነዚያ ገበሬዎች ሀብታሞች አልነበሩም። የተጠቀሙበትም አረም፣ ገለባ፣ እበትና አመድ ነበር።

ብስባሽ እንዴት ይዘጋጃል?

ብስባሽ ማለት በደንብ የበሰበሰ የተክልና የእበት ድብልቅ ነው። «ኮምፖስት» የሚባለውም ይኸው ነው። ጥሩው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። በዚያን ጊዜ አረሙ አረንጓዴ ነው፤ ውሃም አይጠፋም። ከዝናብ ወራት በፊትም ይደርሳል።

ጥላ ያለበትና ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ምረጡ። በዝናብ ወቅት ከመሬት በላይ ከምሩት። በበጋና በደረቅ አገር ግን ጉድጓድ ይሻላል፤ እርጥበቱን ይይዛል። ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ማለትም ሦስት ክንድ ያህል ይሁን። ቁመቱም ከ1 ሜትር አይነስ። ትንሽ ክምር አይሞቅም።

አሁን እንደሚከተለው ደርድሩ።

1ኛ. ከታች ቀጫጭን እንጨትና አገዳ አንጥፉ። ይህ አየር ያስገባል።

2ኛ. በላዩ አንድ ስንዝር ደረቅ ነገር አድርጉ። ገለባ፣ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ይሆናል። ውሃ እርጩበት።

3ኛ. በላዩ ግማሽ ስንዝር እርጥብ ነገር አድርጉ። ዘር ያላፈራ አረም፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭ ይሆናል።

4ኛ. በላዩ አራት ጣት ያህል እበት ወይም ፍግ አድርጉ።

5ኛ. በላዩ ጥቂት አፈርና አንድ ሁለት እፍኝ አመድ በትኑ። አመድ አይብዛ። ሲበዛ አፈሩን ያበላሻል።

ከዚያ ከሁለተኛው ጀምራችሁ ድገሙት። ክምሩ ሲሞላ በአፈር፣ በሣር ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍኑት።

ከመሸፈናችሁ በፊት ግን አንድ ረጅም በትር መሐሉ ላይ ትከሉ። ይህ በትር ሐኪማችሁ ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ንቀሉትና በእጃችሁ ያዙት። በትሩ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው ደህና ነው። ሞቆ ግን ደርቆ ከወጣ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቅዞ፣ ረጥቦና ሸትቶ ከወጣ ውሃው በዝቷል ወይም አየር አጥሮታል። ገልብጡትና ደረቅ ገለባ ቀላቅሉበት። እርጥበቱ ስንት ይሁን ብትሉ፣ ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት እጃችሁን ያርስ፤ ውሃ ግን አያፍስስ።

በየሦስት ሳምንቱ ገልብጡት። የዳሩ ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ዳር ይሂድ። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ሲደርስ ጥቁር ይሆናል፤ ይፈረፈራል። ገለባው ከቅጠሉ አይለይም። ሽታውም የመጀመሪያው ዝናብ የመታውን መሬት ይመስላል። ወደ ማሳ ስትወስዱት ፀሐይ እንዳያደርቀው ወዲያው ከአፈር ጋር ቀላቅሉት።

በመጀመሪያው ዓመት ለመሬታችሁ ሁሉ አይበቃም። ተስፋ አትቁረጡ። ከጓሮው ጀምሩ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቅርቡ ማሳ ትደርሳላችሁ።

መሬት ለሌላችሁ የከተማ ነዋሪዎች

«እኔ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፤ ይህ እኔን አይመለከትም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይመለከታችኋል። በየቀኑ ከቤታችሁ የሚወጣውን አስቡ። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ይህ ሁሉ ከላስቲክና ከቆርቆሮ ጋር ተቀላቅሎ ይጣላል። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የእነርሱን ነፍስ ይማር። በእንዲህ ያለ ክምር ውስጥ ከየቤታችን የወጣ፣ አፈር ሊሆን ይችል የነበረ ነገርም አለ።

ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚሆን ትንሽ ብስባሽ አዘጋጁ። ያረጀ ባልዲ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ፈልጉ። ከታችና ከጎኑ ብሱት። ከሥሩ ደረቅ ቅጠል አድርጉ። የዕለቱን ልጣጭ ቆራርጣችሁ ጨምሩ። በላዩ ሁልጊዜ አንድ ሁለት እፍኝ ደረቅ አፈር ወይም ደረቅ ቅጠል አልብሱት። እንዲህ ከሆነ አይሸትም፤ ዝንብም አይሰበሰብበትም። ሲሞላ ሌላ ጀምሩና የመጀመሪያው እስኪበስል ድረስ ጥቂት ወራት ተዉት።

አሁን ጎመንና ቆስጣ የት ይተከላል? በዚያው «ማዳበሪያ» ብለን በጠራነው ጆንያ ውስጥ ነዋ! ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ሁለቱ አፉ የተከፈተ የጣሳ ቱቦ በጆንያው መሐል አቁሙ። በጣሳው ውስጥ ጠጠር ሙሉ። ከጣሳው ውጭ ደግሞ ድብልቁን ሙሉ። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡና እንደገና ጠጠር ሙሉበት። እንዲህ እያደረጋችሁ እስከ አፉ ስትደርሱ በጆንያው መሐል የጠጠር ምሰሶ ይቆማል። ውሃ የምታጠጡት በእርሱ ነው። ውሃው እስከ ታች ይደርሳል።

በጆንያው ጎን በየስንዝሩ ትንሽ ቀዳዳ ቅደዱ። አራት አምስት ቅጠል ያወጣ የቆስጣ ወይም የጎመን ችግኝ በየቀዳዳውና ከላይ ትከሉ። በበጋ ጠዋትና ማታ አጠጡ። ሳሙና የነካው ውሃ አይሁን። አትክልት ያጠባችሁበት ውሃ ግን ይሆናል። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከውጭ ከውጭ ያለውን ቅጠል መልቀም ትጀምራላችሁ። መሐሉን አትንኩት። መሐሉ ደግሞ ሌላ ቅጠል ያወጣል።

ጆንያው ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ይቁም። በረንዳም ይሁን ደጃፍ። በቤት ውስጥ ከሆነ በመስኮት አጠገብ በጣሳ በሶብላና ጤና አዳም መትከል ይቻላል። ብርሃን በማይገባበት ጓዳ ግን ተክል አይሆንም። ቢበቅልም ቀጥኖና ገርጥቶ ይወድቃል። አፈሩ ምንም ያህል ቢጠግብ ብርሃንን አይተካም።

እነዚህን ተጠንቀቁ

ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩ። አይጥ፣ ውሻና ጅብ ይጠራሉ። የሰውና የውሻ ዓይነ ምድር በፍጹም አይግባ። ወስፋትና ሌላም በሽታ ያመጣል። ያልበሰለ እበት በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ አታድርጉ። ሥሩን ያቃጥላል፤ በሽታም ያስተላልፋል። ላስቲክና የባትሪ ድንጋይ ለዩ። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ቢታጠብም አትትከሉበት። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኑት፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ከአፈርና ከፍግ በቁስል ይገባል። ከሥራ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቅጠሉንም ከመብላታችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ እጠቡ።

የተከበራችሁ አድማጮችና አንባቢዎች! ከአንድ ጆንያ የሚለቀም ጎመን ቤተሰብን ዓመት ሙሉ አይቀልብም። ግን ከወጡ ጎን የሚቀመጥ አረንጓዴ ነገር ይሆናል። ለገበያ የሚወጣውንም ሳንቲም ያተርፋል። ማሳ ያላችሁም በአንድ ጊዜ ከዩሪያ አትላቀቁም። ግን በየዓመቱ አፈራችሁ እየጠገበ ሲሄድ ውሃ መያዝ ይጀምራል። ዝናብ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ሰብላችሁ ቶሎ አይጠወልግም። ያ አንድ ሳምንት ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ዛሬ ማታ ልጣጩን ከመድፋታችሁ በፊት እንግዲህ አንድ ጊዜ አስቡ። አፈሩ በደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

በደህና ሁኑ!

ለማንበብና ለመጻፍ

እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ በደብተራችሁ ጻፉ።

አ - ፈ - ር፦ አፈር
እ - በ - ት፦ እበት
ል - ጣ - ጭ፦ ልጣጭ
ብ - ስ - ባ - ሽ፦ ብስባሽ
ማ - ዳ - በ - ሪ - ያ፦ ማዳበሪያ

ለመወያየት

1. በሰፈራችሁ አፈር የተራበበት ቦታ የት ነው? በምን አወቃችሁ?

2. በቤታችሁ ከሚነደው ወይም ከሚጣለው ነገር ለአፈር ሊመለስ የሚችለው የትኛው ነው? የማይመለሰውስ? ለምን?

3. በ50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በሁለት እንዲህ ባሉ ጆንያዎች ውስጥ ስንት ኪሎ ይኖራል? ደምሩና ጻፉ።

4. የሁለቱን ብርጭቆ ፈተና በክፍል አድርጉ። ያያችሁትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።